ቀስተኛና አዝማሪ ሲፈጠሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በሚባለው፣ መሪው ታሪኩን እየተረከ ተጫዋቾች በፈጠሩት ገጸ ባሕርይና በዳይስ በሚጀብዱበት ጨዋታ፣ ቶሎ የሚመረጡ፣ ቶሎም የሚያሳዝኑ ሁለት ገጸ ባሕርያት አሉ፤ ቀስተኛውና በዜማው አስማት የሚሠራው አዝማሪ። ሰይፍ የያዘ ጦረኛ በአግባቡ ካልተሠራ ጉድለቱ በመጀመሪያው ውጊያ ይታያል። እነዚህ ሁለቱ ግን ከኋላ ስለሚቆሙ ድክመታቸው ተሸፍኖ ይቆያል፤ ተጫዋቹም ዳይሱን እያማረረ ወራት ያልፋሉ። ድሬዳዋ ውስጥ ሙቀቱ በረድ ሲል ተሰብስበን የምንጫወተውን ጨዋታ ስመራ የማያቸው ጥፋቶች ብዙ ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ቀስተኛውም አዝማሪውም ጉልበታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ሲሆኑ ነው፤ ሰዎች ግን ብቸኛ ጀግና አድርገው ይፈጥሯቸዋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ቁጥሮች በፈረንጆቹ 2014 ከወጣው የጨዋታው መጽሐፍ አምስተኛ እትም የተወሰዱ ናቸው።

ለማይኖር ሜዳ የተሠራ ቀስተኛ

ረጅሙ ቀስት እስከ 150 ጫማ፣ ማለትም እስከ 45 ሜትር ገደማ፣ ያለ ቅጣት ይሰዳል። ከዚያ አልፎ እስከ 600 ጫማ ይደርሳል፤ ነገር ግን ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ያነሰውን መውሰድ ግዴታ ነው። ጀማሪው ይህን ሲያነብ ጠላት ገና በሩቅ ሳለ ፍላጻ ሲያዘንብበት ይታየዋል። አብዛኛው ውጊያ የሚካሄደው ግን በዋሻ፣ በክፍልና በጠባብ መንገድ ውስጥ ነው።

የእኛ ጀብዱ የሚካሄድባትን ከተማ የቀዳሁት ከሐረር ጀጎል ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራውን ግንብ፣ አምስቱን ጥንታዊ በሮች፣ ውስጥ ለውስጥ የሚጠማዘዙትን መንገዶች ሁሉ ወስጄአለሁ። ጀጎል ውስጥ የተመላለሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለመሄድ የሚቸገርበት መተላለፊያ አለ፤ ከአንዱ ኩርባ ተነሥቶ ቀጣዩን ለመድረስም ብዙ እርምጃ አይጠይቅም። እዚያ 45 ሜትር ለማንም አይጠቅምም። ጠላት ከኩርባው ብቅ ሲል አጠገብ ነው፤ በ5 ጫማ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ተኩል ውስጥ ጠላት ቆሞበት የሚሰድ ቀስተኛ ደግሞ ያው የሁለት ዳይስ ቅጣት ይጠብቀዋል። "ከጦረኛው ጀርባ እቆማለሁ" ያለም አያመልጥም፤ መካከል ላይ የቆመው ወዳጅ ለጠላት ግማሽ ከለላ ስለሚሆን የመከላከያ ቁጥሩን፣ ማለትም ለመምታት ዳይሱ ከነጭማሪው ሊደርስበት የሚገባውን ቁጥር፣ በ2 ከፍ ያደርግለታል። ጠላት ከግድግዳ ጥግ ተለጥፎ ሦስት አራተኛው አካሉ ከተሸፈነ ጭማሪው 5 ይሆናል።

መውጫው ወደ ላይ ነው። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ እዚያ የወጣ ቀስተኛ መንገዱን ሁሉ ያያል፣ ከታች ያለ ጦርም አይደርስበትም። ለመውጣት ግን የጉልበት ፈተና ይጠየቃል። ቀስተኞች ደግሞ "ጉልበት ምን ያደርግልኛል?" ብለው ቁጥሩን ወደ 8 ያወርዱታል። ባለፈው ክረምት አንድ ጎበዝ ተጫዋች፣ ቅልጥፍናው 18 የሆነ፣ ግድግዳው ሥር ሁለት ተራ ሙሉ ሲንሸራተት ውሎ ውጊያው ያለ እርሱ አለቀ። ጉልበትን ወደ 10 ማቆየት፣ ወይም የመውጣት ሥልጠናን ከመጀመሪያዎቹ ክህሎቶች መካከል መምረጥ፣ ወይም ደግሞ ገመድ መያዝ ይበቃ ነበር። ገመድ የሚገዛ ቀስተኛ ግን እምብዛም አላየሁም።

ስለዚህ ቀስት ከመምረጣችሁ በፊት የጨዋታውን መሪ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ብዙውን ጊዜ የምንዋጋው የት ነው? መልሱ "ከተማ ውስጥ" ከሆነ አጭሩ ቀስት፣ ያለ ቅጣት 80 ጫማ ብቻ የሚሰደው፣ ከበቂ በላይ ነው። መልሱ የድሬዳዋውን ደቻቱን የመሰለ ደረቅ አሸዋማ የወንዝ መሄጃ ከሆነ ረጅሙን ያዙ፤ ያኔ ያሰባችሁት ሜዳ እውነትም አለ።

ነጥብን እኩል መበተን

ይህን ባጭሩ ልለፈው። 27 ነጥብ ተሰጥቷችሁ ስድስት ችሎታ ላይ ስትከፋፍሉ "ሁሉንም ትንሽ ትንሽ" ማለት ፍትሐዊ ይመስላል። ለቀስተኛ ቅልጥፍና ይቅደም፣ ጽናት ይከተል። ለአዝማሪ ግርማ ሞገስ ይቅደም፤ የአስማቱም የማበረታቻውም ጉልበት የሚመነጨው ከዚያ ነው። ቅልጥፍናና ጽናት ሁለተኛውን ቦታ ይጋሩ። አዝማሪ ከሁለተኛው ደረጃ (ገጸ ባሕርዩ ልምድ ሲያካብት ከሚወጣቸው እርከኖች ሁለተኛው) ጀምሮ ባልሠለጠነበት ክህሎት ላይ እንኳ የሥልጠና ጭማሪውን ግማሽ ያገኛል፤ ስለዚህ ሁለገብነቱን በነጥብ መግዛት የለበትም፣ በነጻ ተሰጥቶታል።

ሻርፕሹተርን በየተራው መጠቀም

ሻርፕሹተር የሚባለው ልዩ ክህሎት ከለላን ከማለፉ ሌላ አንድ ትልቅ ድርድር ያቀርባል፤ ለመምታት ከምትጥለው ዳይስ ውጤት 5 ቀንስ፣ ከመታህ ጉዳቱ ላይ 10 ጨምር። ይህን ያገኘ ቀስተኛ ሳያስብ በየፍላጻው ይጠቀምበታል። ስሌቱን አንድ ጊዜ በወረቀት መሥራት ይሻላል።

አምስተኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ቅልጥፍናው 18 የሆነና የቀስት ስልትን የመረጠ ጦረኛ እንውሰድ። ዳይሱ ላይ 4 ከቅልጥፍና፣ 3 ከሥልጠና፣ 2 ከቀስት ስልቱ፣ በጠቅላላው 9 ይጨምራል። የጠላቱ መከላከያ 15 ከሆነ ከመቶ 75 ዕድል አለው፤ ረጅሙ ቀስት በአማካይ 8.5 ስለሚጎዳ እያንዳንዱ ፍላጻ 6.4 ገደማ ያወጣል። ድርድሩን ሲቀበል ዕድሉ ወደ 50 ይወርዳል፣ ጉዳቱ ወደ 18.5 ይወጣል፤ አማካዩ 9.25 ነው። ይህ ጥሩ ንግድ ነው። መከላከያው 20 በሆነ ጠላት ላይ ግን አማካዩ 4.25 የነበረው ወደ 4.6 ብቻ ከፍ ይላል፤ 21 ላይ ጭራሽ ይገለበጥና ድርድሩ ያከስራል። ሙሉ ጥሩር ለብሶ ጋሻ የያዘ ጠላት መከላከያው 20 ነው፤ ትርፉ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ እንዲህ ያለውን በትዕግሥት፣ ያለ ድርድር መምታት ነው።

ሌላም አለ። ጠላት ሊወድቅ አምስት የሕይወት ነጥብ ብቻ ከቀረው ተራ ፍላጻ ይበቃዋል፤ የዚህ ቀስተኛ ዝቅተኛ ጉዳት 5 ነውና። እዚያ ላይ 10 ለመጨመር ብሎ ከዳይሱ 5 የሚቀንስ ሰው ስግብግብነት እንጂ ስሌት አልመራውም።

አዝማሪውን ሁለተኛ ቀስተኛ ማድረግ

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። አዝማሪው ተራው ሲደርስ አጭሩን ቀስት ያነሣል፤ "ምንም ከማልሠራ" ይላል። ከላይ ያለውን ጠላት እርሱ ሲመታው ምን እንደሚሆን እንይ። ቅልጥፍናው 14 ከሆነ ዳይሱ ላይ 5 ይጨምራል፤ ዕድሉ ከመቶ 55፣ ጉዳቱ 5.5፣ አማካዩ 3 ብቻ።

አሁን በዚያው ተራ ፌሪ ፋየር የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ አስማት ይጠቀም። ባለ 20 ጫማ ስፋት ቦታ ውስጥ ያሉት ሁሉ የቅልጥፍና ፈተና ይወስዳሉ፤ የወደቁት በብርሃን ይከበባሉ፤ እነርሱን የሚመታ ማንኛውም ሰው ሁለት ዳይስ ጥሎ የበለጠውን ይወስዳል። የቀስተኛው 50 ከመቶ ዕድል 75 ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ፍላጻ አማካይ ከ9.25 ወደ 13.9 ገደማ ይዘላል። ቀስተኛው በአምስተኛው ደረጃ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ስለሚሰድ ትርፉ በየተራው ከ9 በላይ ነው። አዝማሪው ራሱ ከሚያገኘው ሦስት እጥፍ፣ የጦረኛውና የሌባው ትርፍ ሳይቆጠር፣ እስከ አንድ ደቂቃ ማለትም እስከ አሥር ተራ ድረስ። ጠላት ፈተናውን ካለፈ አስማቱ ባከነ ማለት ነው፤ ሦስትና አራት ጠላት በአንድ ላይ ሲገኝ ግን ሁሉም አያልፉም። ጥንቃቄ የሚያሻው ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ፊት የተሰለፈው ጦረኛችሁም ሊከበብ ይችላል።

የአዝማሪውን ሥራ በጉዳት ቁጥር የሚለካ ተጫዋች ሁልጊዜ እንዳነሰ ይሰማዋል። የእርሱ ቁጥር የተጻፈው በሌላው ሰው ወረቀት ላይ ነው።

ሁለት ትኩረት በአንድ ራስ

ፌሪ ፋየር ትኩረት ይፈልጋል፤ ትኩረት የሚፈልግ ሌላ አስማት ሲጀመር የፊተኛው ይጠፋል። አንደኛ ደረጃ ላይ አዝማሪ የሚያውቀው አራት አስማት ብቻ ነው፤ አራቱንም ትኩረት ከሚፈልጉት የመረጠ ሰው አንዱን ይዞ ሦስቱን ለጌጥ ተሸክሟል። ሁለቱን ከእነዚህ፣ ሁለቱን ያለ ትኩረት ከሚሠሩት ምረጡ፤ ከሩቅ የሚፈውሰው ሂሊንግ ዎርድ ከሁለተኞቹ አንዱ ቢሆን አትጸጸቱም። በየደረጃው አንድ አስማት መቀየር ስለሚቻል የተሳሳተ ምርጫ ዘላለማዊ አይደለም። አዝማሪው ሲመታ ትኩረቱን ላለማጣት የጽናት ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 10 ወይም የደረሰበት ጉዳት ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ጽናትን ሁለተኛ ቦታ ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ቀስተኛውም ከዚህ አያመልጥም። የጫካ ጠባቂ የሆነ ቀስተኛ ሀንተርስ ማርክን፣ የሚያድነውን ጠላት ምልክት የሚያደርግበትን አስማት፣ ሲይዝ ትኩረቱ እዚያው ታስሯል።

ማበረታቻን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ

የአዝማሪው ማበረታቻ ለወዳጅ የሚሰጥ ተጨማሪ ዳይስ ነው፤ መጀመሪያ ስድስት ገጽ ያለው፣ በአምስተኛው ደረጃ ስምንት። ብዛቱ በግርማ ሞገስ ጭማሪ ልክ ነው፤ ግርማ ሞገሱ 16 ለሆነ ሰው ሦስት። እስከ አራተኛው ደረጃ የሚመለሰው ከሌሊት ዕረፍት በኋላ ብቻ ስለሆነ ተጫዋቾች "ለዋናው ጠላት" እያሉ ያከማቹታል፤ ዋናው ጠላት ሲመጣም ከሦስቱ አንዱን ሰጥተው ውጊያው ያልቃል። ከአምስተኛው ደረጃ በኋላ አጭር ዕረፍትም ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ ማስቀመጥ ማባከን ነው።

የተሰጠው ዳይስ የሚቆየው 10 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ገና ጆሮ ደግናችሁ ሳላችሁ ስጡት። ለማን? እንደ ቀስተኛው ከዳይሱ 5 ለሚቀንስ ሰው ስጡ፤ በትንሽ ልዩነት የሚስተው እርሱ ነው። ሁልጊዜ መያዙን ለሚረሳ ወዳጅ ስትሰጡ ደግሞ ዳይሱን ወረቀቱ ላይ አስቀምጡለት፤ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ለዚህ የተለየ ቀይ ዳይስ አለ።

ቀልደኛ ብቻ የሆነ አዝማሪ

አንዳንዱ አዝማሪውን ያገኘውን ሁሉ የሚያሽኮረምም፣ ሌላ ምንም የማይገደው ሰው ያደርገዋል። ይህ ለአንድ ምሽት ያስቃል። እኛ አገር አዝማሪ ከሠራዊት ጋር ይዘምት ነበር፤ ጀግናውን እያወደሰ፣ ፈሪውን በነገር እየወጋ። ቪሽየስ ሞከሪ የሚባለው ትንሽ አስማት ይኸው ነው፤ ተሰዳቢው ፈተናውን ከወደቀ ጥቂት ይጎዳል፣ በሚቀጥለው ምቱም ሁለት ዳይስ ጥሎ ያነሰውን ይወስዳል። "እሰድበዋለሁ" ብሎ ዳይስ መጣል ይቻላል፤ አንዷ ተጫዋቻችን ግን የዘበኞቹን አለቃ እንዲህ አለችው፦

ጋሻህን አየሁት፣ አንድ ጭረት የለው፤
ጀርባህን ገልጠህ ነው ጦር የምትቀበለው።

ከዚያ በኋላ ያ አለቃ በጨዋታው ውስጥ ስም የወጣለት ጠላት ሆነ። ይህ ማለት ግን ዓይን አፋር ተጫዋች ግጥም ካልገጠመ አዝማሪ አይሁን ማለት አይደለም። ግርማ ሞገሱ የገጸ ባሕርዩ ነው፤ ጦረኛ የሆነውን ተጫዋች "እስቲ ጠረጴዛውን አንሣ" እንደማንለው ሁሉ አዝማሪውንም "እስቲ ዝፈን" ማለት ነውር ነው።

አዝማሪው ቋንቋ ይማር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ በአንድ ገበያ በሚሰሙበት አካባቢ አድጎ ገጸ ባሕርዩን አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያስይዝ ተጫዋች ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጎብሊኖችን፣ የጨዋታውን ትናንሽ ጭራቆች፣ ቋንቋ የሚያውቅ አዝማሪ አንዳንድ ውጊያ ሳይጀመር ያስቀራል።

ፍላጻን አለመቁጠር፣ እትም መቀላቀል

አንድ መያዣ 20 ፍላጻ ይይዛል፤ ከውጊያ በኋላ አንድ ደቂቃ ፈልጎ የተሰደደውን ግማሽ መልቀም ይቻላል። ሁለት መያዣ ግዙና ነገሩን እርሱት።

እትም መቀላቀል ግን የሚረሳ አይደለም። በፈረንጆቹ 2024 በታደሰው መጽሐፍ ሻርፕሹተር የ5 ቅነሳውንም የ10 ጭማሪውንም አጥቷል፤ የአዝማሪው ማበረታቻ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ከ10 ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ረዝሟል። ከላይ የሠራሁት ስሌት በዚያ መጽሐፍ ለሚጫወት ሰው አይሠራም። ቀስተኛው ከአሮጌው፣ አዝማሪው ከአዲሱ ከቀዱ ምሽቱ በክርክር ያልቃል፤ ወረቀቱን ከመሙላታችሁ በፊት መሪያችሁ የትኛውን እንደያዘ ጠይቁ።