ሎጎው የት ላይ ተበላሸ? ከእርሳስ ንድፍ እስከ ደንበኛው ፊት

ሎጎ ላይ መጨረሻ የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ቀደም ባለው ደረጃ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ከመነካካት በፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ያዋጣል።

ችግር፦ ሐሳቦቹ ሁሉ ተመሳሳይ ናቸው
ሥራው በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ተጀምሯል፣ አለዚያም የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሐሳቦች ላይ ቆሟል። ቀድሞ የሚመጣው ማንም የሚያስበው ነው፦ ለትምህርት መጽሐፍ፣ ለፈጠራ አምፖል። ወረቀት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሳጥኖች አስምሩና ከ30 እስከ 40 ንድፍ ሙሉ። ሳጥኑ ማነሱ ጥቃቅን ዝርዝር ውስጥ እንዳትገቡ ያደርጋል። ላጲስ አትንኩ፤ የተጣለ ንድፍ ከሌላው ጋር ሲጣመር ብዙ ጊዜ ይጠቅማል።

ችግር፦ ሲያንስ ይጠፋል
በጣም የሚደጋገመው ይህ ነው። ምክንያቱ ስክሪኑ ላይ ሎጎውን ሁልጊዜ አጉልቶ እያዩ መሥራት ነው። በ512 ፒክስል ሸራ (የመሥሪያ ገጽ) ላይ 16 ፒክስል ውፍረት ያለው መስመር፣ ሎጎው ወደ 16 ፒክስል ሲወርድ ግማሽ ፒክስል ብቻ ይቀረዋል፤ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል። መስመሩም ክፍተቱም ከ32 ፒክስል እንዳይቀጥን አድርጉ። በፊደል የሚሠራ ከሆነ ደግሞ «ሉ» እና «ሊ»ን በትንሹ አስተያዩ፦ የሚለያቸው የቅጥያዋ (ከጎን የምትወጣው ትንሽ መስመር) ቦታ ብቻ ስለሆነ ቅጥያዋን ማወፈር ግድ ነው። ይህ ካልበቃ መሪ ቃሉን አውጥታችሁ ለትንሽ መጠን የቀለለ ቅጂ ሥሩ።

ችግር፦ ክቡ ከካሬው ያነሰ ይመስላል
ቁመታቸው እኩል ቢሆንም ክቡ ጠርዙን የሚነካው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከላይም ከታችም በትንሹ፣ ከ1 እስከ 3 በመቶ አሳልፉት። እዚህ ላይ ከማስመሪያው ይልቅ ዓይንን ማመን ይገባል።

ችግር፦ ሲታተም ቀለሙ ይደበዝዛል
ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ይሠራል፤ ደማቁ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ለዚህ ነው። ቅርጹን በጥቁር ጨርሱ፤ የሲኤምዋይኬ (የአራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ቁጥሩን ለብቻው ወስኑና የሙከራ ህትመት አውጡ።

ችግር፦ ደንበኛው «አንደኛውን ከሦስተኛው ጋር አዋህዱልን» ይላል
ምርጫው በዝቷል፤ መመዘኛም አልተሰጠውም። እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ሎጎው ለማን እንደሆነ፣ የት እንደሚታይና ምን ማስተላለፍ እንዳለበት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተስማሙ። ማቅረቢያው ከዚያው ገጽ ይጀምር። ከ2 ወይም ከ3 በላይ አታሳዩ፤ መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ፣ ቀጥሎ ዕቃው ወይም ስልኩ ላይ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ከተስማማንበት የትኛውን አላሟላም?» በሉ። ያኔ መልሱ ሊታረም የሚችል ነገር ይሆናል።

ችግር፦ ማተሚያ ቤት ሲከፍተው ፊደሉ ሌላ ነው
ፎንቱ እነሱ ጋ የለም። ጽሑፉን ወደ አውትላይን (ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ) ቀይራችሁ በኤስቪጂ (ቢጎላም የማይደበዝዝ የሥዕል ፋይል) እና በፒዲኤፍ ላኩ፤ ሊታረም የሚችለውን ዋና ፋይል ግን ለራሳችሁ አስቀሩ።