በዘይት ላይ የምትነጥርና የምትሄድ ጠብታ፦ በስፒከር እንዴት ትሠራለች?

ዘይት ላይ የወደቀች የዘይት ጠብታ ወዲያው ትዋሃዳለች። ሳህኑ ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት ከተንቀጠቀጠ ግን ትነጥራለች፤ ከሥሯ ያለው እጅግ ስስ አየር ተጨምቆ ሳያልቅ ቀጣዩ ግፊት ያነሳታል። የፊዚክስ ተመራማሪው ኢቭ ኩደርና ባልደረቦቹ በ2005 ፓሪስ ላይ ያሳዩት ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል፦ ንዝረቱ ልክ ሲሆን ጠብታዋ ራሷ በፈጠረችው ሞገድ እየተገፋች ትሄዳለች።

የሚያስፈልገው 8 ኢንች ስፒከር፣ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ድምፅ ማመንጫ አፕ ያለው ስልክ፣ ወለሉ ጠንካራ የሆነ 9 ሴንቲ ሜትር ሳህንና 20 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መለኪያ ነው) ሲሊኮን ዘይት ነው። ስፒከሩ ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቤት አሮጌውም ይሆናል። የምግብ ዘይት ለጉዞው በጣም ይወፍራል። ሲሊኮን ከጠፋ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት ውሃ መንጠሩን ያሳያል፤ ጉዞውን ግን አትጠብቁ።

ስፒከሩን ፊቱን ወደ ላይ አስቀምጡ። መሃሉ ላይ የጠርሙስ ክዳን፣ በላዩ ሳህኑን በኢፖክሲ ለጥፉ፤ ሱፐር ግሉ ደርቆ ስለሚሰበር ለንዝረት አይሆንም። ከዚያ በውሃ ልክ አስተካክሉ። ሳህኑ ትንሽ ካዘነበለ ጠብታዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ፣ እናንተም የሄዱ ይመስላችኋል።

ዘይቱን ከመጨመራችሁ በፊት ደረቁ ሳህን ላይ ጥቂት የጤፍ ፍሬዎች በትኑ። አፑን 80 ሄርዝ ላይ አድርጉ፣ የአምፕሊፋየሩን ቤዝ ማጉያ አጥፉ፣ ድምፁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ፍሬዎቹ መዝለል የሚጀምሩት የሳህኑ ፍጥንጥነት ከምድር ስበት ሲበልጥ ነው። ሁሉም እኩል ካልዘለሉና አንዱ ጎን ብቻ ከተረበሸ ሳህኑ መሃል ላይ አልተለጠፈም፤ ነቅላችሁ ድገሙት። ጤፉን አራግፉና 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት ጨምሩ፤ ጥልቀቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል።

ጣጣው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ጠብታ ሳትጨምሩ ድምፁን ከፍ አድርጉ። አንድ ቦታ ላይ የዘይቱ ፊት በድንገት በደቃቅ ሞገድ ይሸፈናል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያጠናው ይህን ነው፤ ሞገዱ የሚመታው በ80 ሳይሆን በግማሹ፣ በ40 ሄርዝ ነው። ሞገዱ የሚጀምርበት ደፍ ከምድር ስበት 4.2 እጥፍ ገደማ ላይ ነው፤ ያም ሆኖ ሳህኑ ከማረፊያ ቦታው የሚነሳው 0.16 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም። አሁን ሞገዱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ቀንሱና እዚያው አቁሙ። ወደ ደፉ በቀረባችሁ ቁጥር እያንዳንዱ ምት የተወው ሞገድ ቶሎ አይሞትም፤ ጠብታዋ በተዳፋቱ ላይ ስታርፍ ወደ ጎን ትገፋለች። አብዝታችሁ ከቀነሳችሁ ባለችበት ትነጥራለች፤ ከደፉ ካለፋችሁ ሞገዱ ያንገላታታል። የስልክ ድምፅ ደረጃው ሰፊ ስለሆነ ስልኩን አትንኩት፣ በአምፕሊፋየሩ መቆጣጠሪያ ብቻ ሥሩ።

መቆጣጠሪያው ላይ ምልክት አድርጎ ለነገ መተው አይሠራም። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ዘይቱ ይወፍርና ደፉ ከፍ ይላል፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ይቀጥንና ይወርዳል። በየጊዜው እንደገና ፈልጉት።

ጠብታ ለማውጣት ስቴኪኒ ይበቃል፤ መርፌ ትልልቅ ጠብታ ስለሚጥል አልመክርም። ጫፉን አስነክራችሁ በፍጥነት ወደ ላይ ምዘዙ። የሚሄዱት ከ0.6 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆኑት ናቸው፤ ፍጥነታቸው በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተበላሸችውን በስቴኪኒው ብትነኳት ትዋሃዳለች። የደጋው ነፋስ በበር ገብቶ ስለሚያባርራቸው ሳህኑን በማይነካ ግልጽ ክዳን ሸፍኑ፤ አቧራም ጠላት ነው፣ የአየሩን ሽፋን ይበሳዋል።

በስልክ ስትቀርጹ በሰከንድ 240 ምስል ምረጡ፤ የምትሄድ ጠብታ በሰከንድ 40 ጊዜ ስለምትነጥር ለአንድ ዝላይ 6 ምስል ታገኛላችሁ። መብራቱ በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ የቤት አምፖል ስለሚርገበገብ ቪዲዮውን ያበላሻል።