በግንቦት የመጀመሪያ ዝናብ ሳይታለሉ በቆሎ ለመዝራት

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በመራዊ ዙሪያ በግንቦት መግቢያ የሚጥለው ዝናብ ብዙ ጊዜ አታላይ ነው። አንድ ቀን መሬቱን ያረጥብና ለሳምንት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ይጠፋል። ያኔ ቡቃያው ሥሩ ሳይጠልቅ ይደርቃል፤ ገበሬው ዘር እንደገና ለመግዛት ይገደዳል።

ስለዚህ ዝናቡን ለኩ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ርቆ፣ ገላጣ ቦታ ላይ በድንጋይ ደግፋችሁ አስቀምጡ። በየጠዋቱ ፀሐይ ሳትበረታ በማስመሪያ ለክታችሁ ድፉት፤ ከዘገያችሁ ውሃው ይተናል። በ3 ተከታታይ ቀናት ድምሩ 20 ሚሊ ሜትር ከሞላ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ለብቻው አይበቃም። እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ከታች ያለውን አፈር ጨብጡ። መዳፍ ሲከፈት ከተበተነ እርጥበቱ ገና አልወረደምና ቆዩ።

ከዚያ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየ10 ቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ ተመልከቱ። «ከመደበኛ በላይ» (ዝናቡ ከተለመደው ይበልጣል) ሲል ሰፊ አካባቢን ማለቱ እንጂ የእናንተን ማሳ ብቻ አይደለም፤ የጮቄ ተራራና የዓባይ በረሃ እኩል አይዘንብላቸውም። ደረቅ ቀናት ከተተነበዩ ዘሩን አቆዩ። ስትዘሩም ዘሩን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አጥልቁ፤ ላይ ላዩን የተዘራ በካፊያ ይበቅልና ቶሎ ይጠወልጋል።