አውቶማቲክ ፍሪሲዮን ለገደል መንገድ፦ አመራረጡ፣ አገጣጠሙና አወራረዱ

የሞተር ብስክሌት አውቶማቲክ ፍሪሲዮን፣ ማለትም እጅ ሳይጨብጠው በሞተሩ ዙር ራሱ የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን፣ የሚገዛው ለዳገት ነው፤ የሚፈተነው ግን ቁልቁለት ላይ ነው። በእርግጥ ኮረኮንች ዳገት መሀል ሞተር አይጠፋባችሁም፣ ግራ እጃችሁ አይዝልም፣ ገብስ ጭኖ ከቆመበት መነሳትም ይቀላል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ወይም ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ነዳጅ ስትለቁ ሞተሩ ጎማውን ይይዘዋል ወይስ ይለቀዋል? ይህን ሳያውቁ መግዛትም መግጠምም ትርፉ ጣጣ ነው።

የትኛው ዓይነት ነው?

በብዛት የሚታየው በባለ 110 እና 125 ሲሲ ሞተሮች ላይ ያለው ሰሚ አውቶማቲክ ነው። የግራ (የፍሪሲዮን) እጀታ የለውም፣ ማርሹ በእግር ብቻ ይቀየራል። ዘሩ ሆንዳ በ1958 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሱፐር ከብ ይመዘዛል። የዚህ ዓይነት ትልቁ ጥቅም ነዳጅ ሲለቀቅም ጎማው ሞተሩን መልሶ ማዞሩ ነው። በድሮዎቹ ላይ ጠመዝማዛ ጥርስ ሸራዎቹን (ሲጣበቁ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያሳልፉትን ክብ ሳህኖች) አጣብቆ ይይዛል፤ በአዲሶቹ ላይ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቆልፉ ትንንሽ ሮለሮች ሥራውን ይሠራሉ። በግፊ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በባለ እጀታ የገጠር ሞተር ላይ ተጨምሮ የሚገጠም ነው። ከሸራዎቹ መሀል አንዱ ወጥቶ በምትኩ ሲሽከረከር የሚሰፋ ዲስክ ይገባል። እጀታው እንዳለ ይቀራል፤ ሲፈልጉ ይጨብጡታል፣ ካልፈለጉ ይተዉታል። ዙሩ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ግን ሙሉ በሙሉ ይለቃል፤ በግፊም አይነሳም።

ሦስተኛው የስኩተር ቺንጋ ነው። በጭቃና በውሃ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ በዝግታ ቁልቁለት ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይለቃል። ከደብረ ብርሃን አስፋልት ለማይወጣ ሰው ይሁንለት፤ ለመንዝ መንገድ አንመክረውም።

ከተለመደው ወጣ ያሉትም የዚሁ ጥያቄ መልሶች ናቸው። አሜሪካ የሚሠራው ሮኮን የፊቱንም የኋላውንም ጎማ በሞተር ይነዳል፤ ፍጥነቱ ትንሽ ነው፣ የማይወጣው ዳገት ግን ጥቂት ነው። የስዊድኑ ሁስክቫርና በ1970ዎቹ ያወጣው አውቶማቲክ በአንጻሩ ነዳጅ ሲለቀቅ እንደ ብስክሌት በነፃ ይንከባለል ነበር። ለሜዳ ውድድር ጥሩ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ግን ያለ ፍሬን ማንም አያቆመው።

የእናንተው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞተሩን አጥፉ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡና ወደፊት ግፉት። ጎማው ከከበደና ሞተሩን ካዞረ የመጀመሪያው ነው። በነፃ ከሄደ ወይ ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ነው። ሰሚ አውቶማቲክ ሆኖ በነፃ ከሄደ ግን ሮለሮቹ ወይም ሞላዎቻቸው አልቀዋል፤ ሳይቀየሩ ቁልቁለት አትውረዱበት።

ሰሚ አውቶማቲኩን ማስተካከል

የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴና ለዳዶው የሚሆን ቁልፍ ብቻ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ በመሀል መቆሚያው ይቁም። በቀኝ በኩል በፍሪሲዮኑ ክዳን ላይ፣ አንዳንዴ በትንሽ መሸፈኛ ስር፣ መሀሉ በካቻቢቴ የሚዞር ብሎን ያለው ዳዶ አለ። ዳዶውን አላሉ። ብሎኑን በሰዓት አቅጣጫ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ መልሱት፤ ጣታችሁ ላይ መክበድ ሲጀምር ቁሙ። ከዚያች ነጥብ እንደገና በሰዓት አቅጣጫ ከስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር ስጡትና ዳዶውን አጥብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች መጨረሻ ላይ ነው፦ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑም አብሮ ይዞርና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በአንድ እጅ ካቻቢቴውን ሳታንቀሳቅሱ ያዙት።

ሲፈትሹት አንደኛ ማርሽ ገብቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) የኋላ ጎማው ቢዞርም በጫማ ሲነኩት መቆም አለበት። ካልቆመ ወይ ሚኒሞው ከፍ ብሏል (1,400 እስከ 1,500 ዙር በደቂቃ ይበቃል) ወይ ማስተካከያው ጠብቋል። ለማስነሳት በእግር ስትመቱት መርገጫው ወርዶ ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ሸራው አልቋል፤ ብሎን ማዞር አይመልሰውም።

ተጨማሪውን ዲስክ መግጠም

ሞተሩን ወደ ግራ ጎኑ ካጋደማችሁት ዘይቱን ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ቤንዚኑን ግን ዝጉ። የቀኙን ክዳን ፍቱ፤ ብሎኖቹ ቁመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ በክዳኑ ቅርፅ ቀዳድታችሁ በየቦታቸው ሰኩአቸው። የሞላዎቹን ብሎኖች አንዱን ጨርሶ ሳይሆን በመስቀል እያፈራረቁ ማላላት ነው። ሸራዎቹንና በመሀላቸው ያሉትን ብረቶች በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ።

አሁን ጊዜ ስጡት። እያንዳንዱን ብረት መስታወት ላይ አስተኝታችሁ 0.15 ሚሊ ቅጠል (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) በስሩ ለማስገባት ሞክሩ፤ ከገባ ብረቱ ተጣሟል። ሰማያዊ የመታው ብረት በሙቀት የተጎዳ ነው፤ ለጥ ያለ ቢመስልም ቀይሩት። ሸራዎቹ የሚሰኩበትን ቅርጫት ጥርሶች በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ ሸራው እዚያ ውስጥ ይቀረቀርና ፍሪሲዮኑ አንዴ እንቢ፣ አንዴ ዘሎ እሺ ይላል። ሰው ይህን አይቶ አዲሱን ዲስክ ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የቅርጫቱ ነው።

አዲሶቹን ሸራዎች ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፉ፤ ደረቅ ሸራ በመጀመሪያው ዳገት ይቃጠላል። በመመሪያው ቅደም ተከተል መልሱ። የሞላዎቹ ብሎኖች ስስ ስለሆኑ 10 ኒውተን ሜትር ግድም ይበቃቸዋል። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ) ከሌለ አጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ያዙ፤ ጡንቻ የሚያሳዩበት ቦታ አይደለም።

ሞተሩን አሙቁ፣ በባዶ ማርሽ ከሚኒሞ እስከ 5,000 ዙር ቶሎ ቶሎ አሥር ጊዜ ስጡት፣ ከዚያ ካቮውን (ከእጀታው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደውን ሽቦ) አስተካክሉ። ዲስኩ ሲሰፋ መጫኛውን ሰሌዳ ስለሚያነሳው የእጀታው ካቮ ይላላል። ይህን ለማየት ከከመነዳሪ የተቆረጠች ስስ ቀለበት እጀታው ላይ ጠምጥሙና ነዳጅ ስጡ፤ እጀታው በራሱ ትንሽ ገባ ይላል። ከመያዣው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የገባበት ልክ 3 ሚሊ ያህል መሆን አለበት፤ ዕቃው ይዞት የመጣው ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው ግን የወረቀቱ ይቅደም። ከልኩ ካነሰ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ካቮውን አላሉ። ከበዛ በሚኒሞ ይጎትታል፣ ካቮውን አጥብቁ።

ዲስኩ የሚይዝበትን ዙር የሚወስኑት ትንንሾቹ ሞላዎች ናቸው። ጠንካራ ሞላ ከፍ ባለ ዙር ይይዛል፣ ለስላሳው ዝቅ ባለ ዙር። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ግድም ስለሚሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ መካኒኩም ጠንካራ ሞላ ሊያስገባ ይቃጣዋል። ለዳገቱ ልክ ነው። ግን በከፍተኛ ዙር የሚይዝ ፍሪሲዮን በከፍተኛ ዙር ይለቃል፤ ማለትም ቁልቁለት ላይ ቀድሞ ይከዳችኋል። ለስላሳውን ወይም መካከለኛውን ሞላ አስገቡና ለጉልበቱ የሰንሰለቱን ጥርስ ቀይሩ። የፊቱ 14፣ የኋላው 38 ከነበረ የፊቱን 13 ማድረግ 8 በመቶ ያህል ጉልበት ይጨምራል፤ የኋላውን 41 ማድረግም ያው ነው። ካርቡራቶሩ ላይም ዋናውን ጅግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያለው ብሎን) አንድ ቁጥር ማሳነስ ይረዳል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ለሚውል ግን አይመከርም፤ እዚያ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ ይግላል።



ዘይት፦ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» (የሞተር ብስክሌት ዘይት ደረጃ) የሚል፣ 10ደብልዩ-40 ይሁን። ቀጫጭኖቹ የመኪና ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላለባቸው ሸራው ይንሸራተታል።

አወራረድ

ማርሹ የሚመረጠው አፋፉ ላይ ነው፤ አንደኛ ወይም ሁለተኛ። ባለ ዲስኩ ላይ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፤ ለወጉ ያህል ከፈት ይበል። ድንገት ሞተሩ ጸጥ ብሎ ጎማው በነፃ መሮጥ ከጀመረ ጠቅ አድርጋችሁ ነዳጅ ስጡ፤ ዙሩ ሲነሳ ፍሪሲዮኑ ይይዝና ሞተሩ መልሶ ይጎትታል። አስፈሪ ይመስላል፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጠት። ስለዚህ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ተለማመዱት። በሰሚ አውቶማቲኩ ላይ ደግሞ የማርሹ ፔዳል እንደተረገጠ ፍሪሲዮኑ ክፍት መሆኑን አትርሱ፤ ቁልቁለት ላይ ረግጦ መቆየት በባዶ ማርሽ መውረድ ነው።

በክረምት እነዋሪ አካባቢ መረሬ (ጥቁር አፈር) ላይ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሀል ይጠቀጠቅና ጎማው ይቆማል። ባለ እጀታ ሞተር እዚህ ላይ ይጠፋል፣ መጥፋቱም ማስጠንቀቂያ ነው። አውቶማቲኩ ግን አይጠፋም፤ ነዳጅ በሰጣችሁት ቁጥር ሸራው ዝም ብሎ ይፈጫል። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ሲሸት አጥፉ፣ ጭቃውን በእንጨት ጠርጉ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የፊቱን መከላከያ ከፍ አድርጎ ማሰር ከዚህ ሁሉ ያድናል።

በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ቾክ ሳይሳብ አያስነሳም። ቾክ ሲሳብ ግን ሚኒሞው ይወጣል፣ ፍሪሲዮኑም ነዳጅ የተሰጠው መስሎት ይይዛል፤ ማርሽ ባስገባችሁበት ቅጽበት ሞተሩ ይዘላል። ቾኩ እስኪመለስ በባዶ ማርሽ ይቁም፤ ማርሹም የኋላ ፍሬን ተይዞ ይግባ።

ባለ ዲስኩን ዳገት ላይ ስታቆሙ ማርሽ ማስገባት አይይዘውም። የፊቱን ፍሬን በከመነዳሪ ቁራጭ እሰሩ፣ ከጎማው ስርም ድንጋይ አድርጉ።