ዋና መሥሪያ ቤት መብራት ቢጠፋም ቅርንጫፍ ዋይፋይ እንዳያጣ፦ ሁለት ኮንትሮለር በሁለት ከተማ እንዴት ይተከላል

አዲስ አበባ መብራት ጠፍቶ ሐዋሳ ያለ ሠራተኛ ዋይፋይ ቢያጣ ግራ ይገባዋል። እሱ ጋ መብራት አለ። ጣሪያው ላይ ያለው ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ፣ አክሰስ ፖይንቱም፣ እንደበራ ነው። ነገር ግን ያንን አክሰስ ፖይንት የሚያዘው ኮንትሮለር ያለው አዲስ አበባ ነው።

መፍትሔው በሌላ ከተማ ሁለተኛ ኮንትሮለር መትከል ነው። ይህን ሥራ ለአንድ ድርጅት ስሠራ ሁለተኛውን አዳማ አስቀመጥኩት። ተከላው ሁለት ቀን ፈጀ። በትክክል እንዲሠራ ማድረጉ ግን ወራት ወሰደብኝ። ስለዚህ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ። ምሳሌዬ ሲስኮ ካታሊስት 9800 የሚባለው ኮንትሮለር ነው።

1. መጀመሪያ ዓይነቱን ምረጡ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኤስኤስኦ ይባላል። ሁለቱ ኮንትሮለሮች እንደ አንድ ሆነው ይሠራሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ወዲያው ይተካል፣ ተጠቃሚው አይሰማውም። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ሞዴል መሆን አለባቸው። በመካከላቸው ሌየር 2 ግንኙነት፣ ማለትም ሁለቱን በአንድ ኔትወርክ ላይ እንዳሉ የሚያገናኝ መስመር፣ ያስፈልጋል። የደርሶ መልስ መዘግየቱ ከ80 ሚሊሰከንድ መብለጥ የለበትም፣ የመስመሩ አቅም ደግሞ ቢያንስ 60 ሜጋቢት በሰከንድ ይሁን።

ሁለተኛው ኤን ፕላስ ዋን ነው። እያንዳንዱ ኮንትሮለር የራሱ አይፒ አለው፣ ራሱን ችሎ ይሠራል። አክሰስ ፖይንቱ ዋናውን ሲያጣ ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል። በመሃል ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል።

የራሳችሁ አስተማማኝ ፋይበር ከሌላችሁ ከከተማ ከተማ ኤስኤስኦ አትሞክሩ። ሊንኩ ሲቆረጥ ሁለቱም ዋናው እኔ ነኝ ሊሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ኤስኤስኦ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላሉ ሁለት ራኮች ግሩም ነው። ለተራራቀ ቦታ ግን ኤን ፕላስ ዋን ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ሞዴላቸው ቢለያይ ችግር የለም። ተጠባባቂው 9800 ሲኤል የሚባለው ቨርችዋል ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ሰርቨር ላይ ይጫናል። ሁሉንም አክሰስ ፖይንት የመሸከም አቅምና ፈቃድ እንዳለው ብቻ አረጋግጡ።

2. ቅርንጫፎቹን ወደ ፍሌክስኮኔክት ቀይሩ

ፍሌክስኮኔክት አክሰስ ፖይንቱ ትራፊኩን ወደ ኮንትሮለሩ ሳይልክ እዚያው እንዲያወጣ የሚያደርግ አሠራር ነው። የቅርንጫፉ ትራፊክ እዚያው ስዊች ላይ ይውጣ። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ የለበትም። ሁለቱም ኮንትሮለሮች ቢጠፉ እንኳ በፓስዎርድ የሚሠራው ዋይፋይ ይቀጥላል። ለዚህ ከአክሰስ ፖይንቱ እስከ ኮንትሮለሩ ያለው የደርሶ መልስ መዘግየት ከ300 ሚሊሰከንድ በታች መሆን አለበት።

3. ሁለቱን አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ላይ አድርጉ

እኔ የወደቅኩት እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ።

አዲስ አበባ ያለውን ኮንትሮለር በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ አፕዴት አደረግኩት። የአዳማውን ነገ ዛሬ እያልኩ ተውኩት። ማንም ስለማይጠቀምበት አያስቸኩልም ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ አዲስ አበባ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ ዩፒኤሱም አለቀ። የሐዋሳና የድሬዳዋ አክሰስ ፖይንቶች እንደታሰበው ወደ አዳማ ዞሩ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገር ግን አክሰስ ፖይንት አዲስ ኮንትሮለር ሲያገኝ ቨርዥኑን ያወዳድራል። ካልተመሳሰለ የኮንትሮለሩን ሶፍትዌር ያወርድና ሪስታርት ያደርጋል። አክሰስ ፖይንቱ በውስጡ ሁለት ሶፍትዌር ይይዛል፤ የሚሠራበትንና ከዚያ በፊት የነበረውን። አዳማ አንድ አፕዴት ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ቀድሞው ተመልሶ ሪስታርት ብቻ ያደርግ ነበር። እኔ ግን ሁለት አፕዴት አስቀርቼዋለሁ። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጠባቧ የቪፒኤን ሊንክ ማውረድ ጀመሩ። ሊንኩ ታነቀ። በኬብል የሚሠሩት ሰዎች እንኳ ሲስተሙን መክፈት አቃታቸው። ዋይፋዩ የተመለሰው ከቀትር በኋላ ነው። የአዲስ አበባው መብራት ሲመጣ ደግሞ አክሰስ ፖይንቶቹ ወደዚያው ሲመለሱ እንደገና ሪስታርት አደረጉ። ያን ቀን ስልክ የደወሉልኝን ሰዎች ድምፅ እስካሁን አልረሳውም።

እናም ሁለቱን ኮንትሮለሮች በአንድ ሌሊት አፕዴት አድርጉ። ፓች ከጫናችሁ ሁለቱም ላይ ጫኑ። ከመጀመራችሁ በፊት አክሰስ ፖይንቶቹ አዲሱን ሶፍትዌር ቀድመው እንዲያወርዱ የሚያደርገውን ፕሪዳውንሎድ ተጠቀሙ። ከሰዓታት በፊት፣ ሊንኩ ሲቀል፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይሁን።

4. ኮንፊግሬሽኑን አመሳስሉ

በኤን ፕላስ ዋን ኮንፊግሬሽን ራሱን አይገለብጥም። የዋይፋይ ስሞቹን፣ ፖሊሲዎቹንና ታጎቹን እናንተ ናችሁ የምታመሳስሉት። ታግ አክሰስ ፖይንቱ የትኛውን ቅንብር እንደሚጠቀም የሚነግር ስም ነው። ፖሊሲ ታግ፣ ሳይት ታግና አርኤፍ ታግ በሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁኑ። አክሰስ ፖይንቱ የለመደውን ታግ ካላገኘ ነባሪውን (ዲፎልቱን) ይወስዳል። ያን ጊዜ ኮንትሮለሩ ላይ በአረንጓዴ ይታያል፣ ዋይፋዩ ግን ሊጠፋ ወይም የተሳሳተ ቪላን (የኔትወርክ ክፍል) ላይ ሊገባ ይችላል። አክሰስ ፖይንቱ ታጉን ይዞ እንዲሄድ የሚያደርገውን ታግ ፐርሲስተንሲ አብሩት።

የተጠቃሚውን ስምና ፓስዎርድ የሚያረጋግጠው ራዲየስ ሰርቨር ላይ የሁለተኛውን ኮንትሮለር አይፒ መመዝገብ አትርሱ። ይህ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ዋይፋዩ ይታያል፣ ማንም ግን መግባት አይችልም። ሰዓታቸውንም ሰዓትን በኔትወርክ በሚያመሳስለው ኤንቲፒ አስተካክሉ፤ ሰዓቱ ከተዛባ አክሰስ ፖይንቱና ኮንትሮለሩ የሚተዋወቁበት ሰርተፍኬት ውድቅ ይሆናል።

5. ፋየርዎልና ዲኤችሲፒ

ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሁለቱም ኮንትሮለሮች የዩዲፒ ፖርት 5246 እና 5247 ይከፈት። በኮንትሮለሮቹ መካከል ሞቢሊቲ (ተጠቃሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ እንዲያልፍ የሚያደርግ ግንኙነት) ከሠራችሁ 16666 እና 16667 ጨምሩ። አዲስ አክሰስ ፖይንት ሁለቱንም እንዲያገኝ አይፒ በሚያድለው ዲኤችሲፒ ኦፕሽን 43 ላይ ሁለቱንም አይፒ ጻፉ። አጻጻፉ በኤፍ1 ይጀምራል፣ ለሁለት አድራሻ 08 ይከተላል፣ ከዚያ አይፒዎቹ በሄክሳዴሲማል ይቀጥላሉ።

6. ለአክሰስ ፖይንቶቹ ዋናውንና ተጠባባቂውን ንገሯቸው

በእያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ሃይ አቬይላቢሊቲ ገጽ ላይ የዋናውን ስምና አይፒ፣ ከዚያ የተጠባባቂውን ስምና አይፒ ሙሉ። ስሙ ኮንትሮለሩ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው። ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል።

ሁለት ምክር አለኝ። ኮንትሮለሩ መኖሩን የሚፈትሸው ሃርትቢት ሳትነኩት 30 ሰከንድ ነው። ቶሎ እንዲቀየር ብላችሁ አታሳጥሩት፤ በሚንቀጠቀጥ ሊንክ ላይ አክሰስ ፖይንቱ ያለምክንያት ወዲያ ወዲህ ይላል። ፎልባክ የሚባለውን ደግሞ አጥፉት። እሱ ዋናው እንደተመለሰ ሁሉንም ወዲያው ይመልሳል። መብራት መጥቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ሊሄድ በሚችልበት አገር እኔ ማታ በእጄ ብመልሳቸው እመርጣለሁ።

7. እውነተኛ ፈተና አድርጉ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ በየቅርንጫፉ አንድ ሰው ስልክ ይዞ፣ የዋናውን ኮንትሮለር የኔትወርክ ኬብል ንቀሉ። ከሜኑ ማጥፋት ድንገተኛ ብልሽትን አያሳይም። ሰዎቹ ዋይፋዩን ማየት ብቻ ሳይሆን ገብተው አንድ ፋይል ከፍተው ፕሪንት ያድርጉ። ከዚያ ተጠባባቂው ላይ የደረሱትን አክሰስ ፖይንቶች ቁጠሩ፣ ከዝርዝራችሁ ጋር አስተያዩ። እኛ ጋ ሦስት ጎደሉ። የሦስቱም የአዳማ ኮንትሮለር ስም በትንሽ ፊደል ተጽፎ፣ የአይፒው ቦታ ባዶ ነበር። አስተካክለን ኬብሉን በማግስቱ ሌሊት እንደገና ነቀልነው።