የዲኤክሴን ዝገት ሱሉልታ ግቢዬ ውስጥ እንዴት እንዳጠፋሁት

የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ መኪናዬ የኋላ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ቀለሙ ያብጥ ጀመር። ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ ዝገቱን ሳይፍቅ ስቱኮ (ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላበት ሊጥ) ለጥፎ ቀብቶት ነበር። ይሄ መደበቅ እንጂ መጠገን አይባልም፤ ስቱኮ እርጥበት ስለሚስብ ዝገቱ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል።

ስቱኮውን አንስቼ ብረቱን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረግሁት። ጫፉ ሰርጎ የገባበትን ቦታ ቆርጬ የሰፈር በያጅ አዲስ ላሜራ በየደልኝ። የቀረውን በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈግሁት። ጥልቅ ነጥቦች ውስጥ የቀረው ጥቁር ነገርም ዝገት ነው፤ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት ማጥፊያ ቀብቼ አጥቤ በደንብ አደረቅሁት። አንቲረስቱን (ዝገት መከላከያ ቀለሙን) ከውጭም ከውስጥም ቀባሁ፤ ብዙ ሰው ውስጡን ይተወዋል።

ስቱኮ ስስ ይበቃል። ስቱኮው ላይ የሚቀላቀለው ማድረቂያ ከበዛ ገና ሳትቀቡት እጃችሁ ላይ ይደርቃል። በ180 አስተካክዬ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጨውን መነሻ) ረጭቼ፣ በ400 በውሃ አለሰለስሁት።

ቀለሙን የረጨሁት በጥቅምት፣ ጤዛው ከተነሳ በኋላ፣ ነፋሱ አቧራ ሳያስነሳ ነው። ስስ ስስ አድርጋችሁ ደራርቡ፤ በአንዴ ካወፈራችሁት ይንጠባጠባል። የጨርቅ ማስክ የቀለም ጋዝ አያስቀርም፣ የካርቦን ፊልተር ያለው ያስፈልጋል። ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ቀለም ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡት፣ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ከበሩ ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ነበር፤ ውሃ ውስጥ ተጠራቅሞ እንዳያዝግ በሽቦ ከፈትኳቸው። አዲሱ ቀለም ፀሐይ ካደበዘዘው የበሩ ቀለም ይልቅ ትንሽ ይደምቃል፣ እሱ አያስጨንቀኝም።