ለስሜን ተራራ በረዶ የፎር ዊል ጎማ ስትገዙ

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ከአዘዞ ደውሎ "ሃይሉክሷን ይዤ ቧሂት ልወጣ ነው፣ ጎማ ልቀይርላት ብዬ፣ ያንን ጥርሱ ትልልቁን ላርጋት?" አለኝ። ተው አልኩት። ለምን ሲለኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው፣ ሌላም የሚወጣ ሰው ካለ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ ስለየትኛው በረዶ እንደምናወራ እንግባባ። ጎንደር ከተማ ላይ በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፣ ቡና ተፈልቶ ሳይጠጣ ይቀልጣል። ከደባርቅ ወደ ሳንካበር፣ ከዛ ጨነቅ፣ ከዛ ቧሂት ስትወጡ ግን ሌላ አገር ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቧሂት ላይ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዛ የወረደ በረዶ ፀሐይ የማታገኘው መታጠፊያ ላይ ተጋግሮ ያድራል፣ አልፎ አልፎ አመዳይም ይጥላል፣ በጋ ላይ ደግሞ ሌሊት ውርጩ ይወርድና ቀን ውሃ የነበረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስታወት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የምትገዙት ጎማ በአንድ ቀን እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ከዛ ኮረት፣ ከዛ ጭቃ፣ ከዛ በረዶ የሚያይ ነው፣ ነገሩን የሚያከብደው ይሄ ነው።

"ፎር ዊል አይደል እንዴ ምን ይሆናል" የሚል ሰው አይጠፋም። ፎር ዊል ለመውጣት ነው የሚረዳችሁ፣ ለመቆም አይረዳም! ፍሬን እኮ የቤት አውቶሞቢልም በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው። በረዶ ላይ የሚያቆማችሁ ጎማው ብቻ ነው።

እኔም የተማርኩት በመጥፎ ነው። ያኔ ላንድክሩዘሯ ላይ ኤምቲ ጎማ ነበር ያሰርኩት፣ የጭቃ የሚባለውን፣ ጥርሱ ጡብ የሚያክል፣ ሲያዩት ደስ የሚል። ከጨነቅ ወደ ሳንካበር ስንመለስ በረዶ ዘንቦ አባርቶ ነበር፣ ቁልቁለቱ ላይ በአንደኛ ማርሽ እየተሳብኩ ፍሬን ነካ ባደርግ መኪናዋ ዝም ብላ ሄደች፣ ድምፅ እንኳ የላትም፣ ጎማው ቆሟል እሷ ግን ትሄዳለች። አጠገቤ የተቀመጠው የፓርኩ ስካውት ክላሹን አቅፎ "ኧረ በእመብርሃን" ይላል፣ እኔ መሪውን ወደ ተራራው በኩል ሰጠኋት፣ ቦዩ ውስጥ ገብታ ቆመች። ወርጄ ሳይ በጥርሶቹ መሃል በረዶው ተጠቅጥቆ ጎማው ከላዩ ልሙጥ ሆኗል። በገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ለምን ያንሸራትታል? አንደኛ የኤምቲ ጥርስ ትልቅና ፊቱ ልሙጥ ነው። በረዶን የሚይዙት በየጥርሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን፣ በምላጭ የተሰነጠቁ የሚመስሉ መስመሮች ናቸው፣ በየጠርዛቸው ይቧጥጣሉ፣ ትንሽ በረዶም ይይዛሉ፣ በረዶ ደግሞ በረዶን ጥሩ አድርጎ ይነክሳል። ሁለተኛ ተራ የሞቃት አገር ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ላስቲኩ ይደርቃል፣ መሬቱን መጨበጥ ይተዋል። ኤምቲ ለጭቃ አንደኛ ነው፣ አልዋሽም፣ እርሻ ላይ ለሚውል ሰው ይሁነው።

ኤችቲ ደግሞ የአስፋልት ነው፣ ኮረቱ ይቀደዋል፣ እለፉት። የምትፈልጉት ኤቲ ነው፣ ለአስፋልቱም ለኮረቱም የሚሆነው መካከለኛው። ግን ኤቲ ሁሉ እኩል አይደለም፣ ጎኑን አንብቡ። ኤም፣ የመደመር ምልክት፣ ኤስ የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለው ጥርሱን አይቶ ፋብሪካው ራሱ የጻፈው ነው፣ በረዶ ላይ ተፈትኗል ማለት አይደለም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ተስሎ መሃሉ ላይ የበረዶ ኮከብ ካለበት ግን በረዶ ላይ ተሞክሮ ያለፈ ነው። ጀርመን ከጥቅምት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ለክረምት የምትቀበለው ይሄን ምልክት ብቻ ነው። ከኤቲዎቹ ቢኤፍ ጉድሪች ኬኦ2 እና ዮኮሃማ ጂኦላንደር ጂ015 ምልክቱ አላቸው።

ካናዳ ያለ ወንድም "ትክክለኛውን የስኖው ጎማ ልላክልህ" ካላችሁ አመስግናችሁ ተዉት። የሱ ላስቲክ በጣም ለስላሳ ነው፣ እዛ አገር እንኳ በጋ ሲገባ ያወልቁታል፣ እናንተ በሱ መተማ አንዴ ደርሳችሁ ብትመለሱ አስፋልቱ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል።

አሁን ደግሞ እኔን ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። የጎማ እድሜ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ባሉት አራት ቁጥሮች ይታወቃል፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ የኋለኞቹ ዓመቱ። ሰኔ 2016 ላይ ጎማ ልገዛ ሄጄ 3416 ይላል፣ ሻጩ "አየህ 16፣ የዘንድሮ ነው" አለኝ፣ እኔም አመንኩት፣ ከፈልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ነው የመጣልኝ፣ ፋብሪካው በኛ አቆጣጠር አይቆጥርም እኮ! የፈረንጅ 2016 ማለት የኛ 2008 ነሐሴ ነው፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ጎማ ነው የገዛሁት። ሳይነዳበት መጋዘን ቢቀመጥም ላስቲክ ይደርቃል፣ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ውርጭ ላይ ምንም አይሠራም። እኔ ከሦስት ዓመት ያለፈውን አዲስ ብዬ አልገዛም። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ካጣችሁት ጎማውን አገላብጡት፣ አታፍሩ።

ሰፊ ጎማ ያምራል፣ ስስ በረዶ ላይ ግን ጠበብ ያለው ይሻላል፣ ክብደቱን ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ በረዶውን ሰብሮ መሬት ይነካል። የልኩ የፊተኛው ቁጥር ስፋቱ ነው፣ 265/75 አር16 እና 235/85 አር16 ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ቸርኬው ከተስማማ እኔ ሁለተኛውን ነው የምይዘው። ከልኩ ቀጥሎ ያለውን የጭነት ቁጥርም እዩ፣ 112 ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ከመኪናው ፋብሪካ ልክ አትውረዱ፣ እንግዳ ከነድንኳኑና ከነማብሰያው ስትጭኑ ይታወቃችኋል።

አሮጌ ከሆነ የምትገዙት ጥርሱን በክብሪት እንጨት ለኩ፣ ጥርሶቹ መሃል ሰዳችሁ በጥፍር ይዛችሁ ማስመሪያ ላይ አድርጉት። ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለበረዶ አይሆንም። አራቱም ደግሞ አንድ ዓይነትና አንድ ልክ ይሁኑ፣ ሁለት አዲስ ሁለት ያለቀ አድርጎ ፎር ዊል ማስገባት ካምቢዮና ዲፍረንሻል መግደል ነው። ስኮርታውም ያው ልክ ይሁን፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል።

የጎማ ንፋስ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ብርድ ንፋሱን ይቀንሳል፣ ከፍታ ደግሞ ጌጁ ላይ ይጨምረዋል፣ ጎንደር ላይ ከሰዓት በሙቀቱ ሞልታችሁ ቧሂት በብርድ ብትለኩ ሁለቱ ተቻችለው ቁጥሩ ያን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ "ላይ ብርድ ነው" ብላችሁ አስቀድማችሁ አታስጨምሩ፣ በጣም የተነፋ ጎማ በረዶ ላይ በደንብ አይይዝም። ደባርቅ አድራችሁ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩና በር ላይ ወደተጻፈው ልክ አምጡት።

ካቴና፣ ጎማው ላይ የሚታሰረው ሰንሰለት፣ ካላችሁ ያዙ፣ ግን እቤት አንዴ አስራችሁ ፍቱት፣ በጨለማ እጅ ደንዝዞ መማር አይሆንም። ለአክስቴ ልጅ ያልኩትም ይሄንኑ ነው፣ ካቴና የለኝም አለ፣ እንግዲያው በረዶው ከጣለ እስኪቀልጥ ጨነቅ ሻይህን ጠጣ አልኩት፣ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ታወርድልሃለች።